ታንሲ የተኛችበት

ኦርቫል ቲግ ቅናተኛ ነው። ሚስቱ ናዲን ራሷ ትመሰክራለች፤ ግን በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራቸው አንድ ቀን እንኳ በእሷ ቀንቶ አያውቅም። የሚቀናው በውሻው ነው።

"ምነው ግማሹን እንኳ ለእኔ ብታደርገው!" ትለዋለች።

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ከቲላሙክ ተራሮች ግንድ በከባድ መኪና ሲያወርድ የኖረ ነው። ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም፤ ይቅርታ ከሚጠይቅ ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል። የአደን ውሻውን ታንሲን ግን እናቷ ስትሞትባት በጡጦ አሳደጋት። አጋዘኑን ትታ ጭራ ቆራጣዋን የዱር ድመት ብቻ እንድትከተል፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ እየደበደበው ያስተማራትም እሱ ነው። ታዲያ ዳሌው የተሰበረ ዓመት፣ ቤት ተቀምጣ እንዳትበላሽ ብሎ ለጎረቤቱ ለዴል ረክማን ለአንድ የአደን ወቅት አዋሰው። አይ ኦርቫል! ውሻ ይዋሳል እንዴ? ዴል በእሷ አሥራ አንድ ድመት ዛፍ ላይ አስወጥቶ፣ እየሳቀ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ የዴል መኪና ድምፅ ከሩቅ በተሰማ ቁጥር ታንሲ ከኦርቫል እግር ሥር ብድግ ብላ በሩ ላይ ትቆማለች። 

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" ትለዋለች ናዲን።

"እኔ ቤት ጦሟን ነው እንዴ ያደረችው?"

"እሱ ቤት ጣፍጧት ይሆናላ!"

ባለፈው የካቲት አንድ ቀን ዝናቡ ንጋት ላይ አባራ። ኦርቫል ዳሌው ገደል ስለማያስወርደው፣ ወደደም ጠላም ዴልን ይዞ ነው የሚወጣው። ታንሲ ከመኪናው ኋላ ባለው ሳጥን አናት ላይ ቆማ፣ አፍንጫዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ በግንድ ማውረጃው መንገድ ቀስ እያሉ ወጡ። አንድ ኩርባ ላይ ስትደርስ ጮኸች። ወርደው ሲያዩ ጭቃው ላይ የዱር ድመት ያለፈችበት ዱካ ገና አልደረቀም። ታንሲን ለቀቋት፤ ረጅሙን ጩኸቷን እያወጣች ቁልቁል ወደ ሸለቆው ገባች።

ታንሲ ዱካ ስትከተል ድምፅዋ ረጅም ነው። ድመቷን ዛፍ ላይ ካወጣቻት በኋላ ግን ቶሎ ቶሎ፣ አጭር አጭር ትጮኻለች። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዴል ጣቱን ቀሰረ።

"አወጣቻት! ስማ፣ አጭር አጭር አለች።"

"ገና እየሮጠች ነው።"

"ኧረ ዛፍ ሥር ናት! አንድ ወቅት ሙሉ የሰማሁትን ድምፅ ነው እንዴ የማጣው?"

"በጡጦ ያሳደግኳትን ውሻ ድምፅ አንተ ልታስተምረኝ ነው? ወደ ማዶው ሸንተረር እየሄደች ነው አልኩህ። ግባ!"

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ኦርቫልም ሰምቷል። አጭር አጭር ማለቷን ከዴል እኩል ነው የሰማው። ነገር ግን ዴል ቀድሞት ተናገረና "ልክ ነህ" ማለት ሞት ሆነበት። ዳገቱን ዞረው ማዶ ሲደርሱ ምንም የለም። ሲመለሱ ደግሞ ከባሕሩ የተነሣው ነፋስ ደኑን ሁሉ ያናውጠዋል፤ የውሻ ድምፅ ቀርቶ የራሳቸውም አይሰማም። ዴል ሸለቆውን ወርዶ እስከ ማምሻው ፈለጋት፤ የለችም። ያለችበትን የሚጠቁም የሬዲዮ ማሰሪያ አንገቷ ላይ እንዲያደርግላት ዴል ስንት ጊዜ ቢለምነው "ጆሮ አለኝ" ብሎ የመለሰው ኦርቫል ነበር። ዴል ይህንን አላነሣበትም። ያለማንሣቱ ደግሞ ኦርቫልን የባሰ አበሸቀው።

ውሻ የጠፋበት አዳኝ ኮቱን አውልቆ፣ ውሻውን የለቀቀበት ቦታ አንጥፎላት ይሄዳል። ተመልሳ ስትመጣ የጌታዋን ጠረን አግኝታ እዚያው ተኝታ ትጠብቃለች። ኦርቫል ኮቱን አነጠፈ። ዞር ሲል ዴልም የራሱን እያወለቀ ነው።

"አንተ ደግሞ ምን ልሁን ብለህ ነው?"

"የእኔንም ታውቀዋለችኮ። ምን ይጎዳል?"

ኦርቫል ጥርሱን ነከሰ። ዴልን ቤቱ አደረሰና በጨለማ ብቻውን ተመልሶ ወጣ። እንደ ዶሮ ሌባ ግራ ቀኝ አይቶ የዴልን ኮት አነሣና ከመቀመጫው ኋላ ወሸቀው። "የማን እንደሆነች አሁን እናያለን!" አለ። አንድ ኮት ብቻ ትቶ፣ ምረጪ ሲላት! ቅናት እንዲህ ነው ሰውን የሚያጃጅለው።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ቁርስም ሳይቀምስ ደረሰ። ታንሲ መጥታለች። ኮቱ አመዳይ እንዳዘለ፣ ማንም ሳይነካው እንደተነጠፈ ነው። እሷ ግን ሁለት እርምጃ አልፋ፣ የዴል ኮት የነበረበት ባዶ ጭቃ ላይ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች።

"ታንሲ! ነይ፣ እዚህ ነይ የእኔ እናት!"

ጭራዋን ወዘወዘችለት። አልተነሣችም።

  ኦርቫል መኪናው ውስጥ ገብቶ የዴልን ኮት አወጣና አጠገቧ አነጠፈው። ሩጫ ባደማቸው እግሮቿ እያነከሰች ወጣችበት፤ አንዴ ዞረችና አፍንጫዋን እጅጌው ውስጥ ቀብራ ተኛች። እሱ የራሱ እርጥብ ኮት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ዴል በራሱ መኪና ሲደርስ፣ ከሩቅ አይቷት እየጮኸ ወረደ። አጠገባቸው ሲመጣ ግን የማን ኮት ላይ እንደተኛች አየና ደስታውን ዋጥ አደረገ።

"ኧረ ተው ኦርቫል፣ ልብህን አትስበር። ውሻ ናት፣ ምን ታውቃለች? ደክሟት ቅርብ ያገኘችው ላይ ወድቃ ነው።"

ኦርቫል ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ያየ ሰው የለም።

"ኮትህ እዚህ አልነበረም" አለ። "ትናንት ተመልሼ ወስጄው ነበር። ባዶ መሬት ላይ ነው ያገኘኋት፤ ያንተ በነበረበት መሬት።"

 ኦርቫል ዳሌውን ደግፎ ተነሣ።

"በል አንሣት፣ ብርድ ገብቷታል" አለው። ዴል አቅፏት ወደ ኦርቫል መኪና አመራ። "አይደለም፣ ወደ እኔ መኪና አይደለም። ወደ አንተ።"