አደ ፋጡማ ጣሪያ ላይ የቀረው ጥርሴ

ዛሬ የልጅ ልጄ የወለቀ ጥርሷን ጣሪያ ላይ ብትወረውር፣ ከቆርቆሮው ተንከባሎ ተመለሰና አናቴን መታኝ!

እሷ ስታለቅስ እኔ በሳቅ ሞትኩ። በሃምሳዎቹ አሰላ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ጥርስ ጣሪያ ላይ ካልቀረ አዲስ አይበቅልም ይባል ነበር። አባዬ ደግሞ ቤታችንን ሰፈሩ የቀናበትን ቆርቆሮ ገና ማልበሱ ነው። አምስቴ ወረወረ፣ አምስቴ ተመለሰ። እኔ ጥርስ አልባ ልቀር ነው ብዬ ሰፈሩን በጩኸት አናጋሁት።

አንድም ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ጎረቤታችን አደ ፋጡማ በአጥሩ ብቅ ብለው፣ "ኮቱ፣ ና ልጄ፣ የእኔ ሣር ክዳን ላይ ይጣልልህ" አሉ። አባዬ ወረወረው፤ ቀረ።

እሳቸው ታዲያ "እንግዲህ በእኔ ቤት ላይ ነው ያለው፣ የሚበቅለውም ለእኔ ነው" አይሉም!

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እየሄድኩ "አፍዎን ይክፈቱ" እላለሁ። (ደግ ነበሩ፣ ይከፍታሉ።)

የበቀለው ለእኔ ነው። ባዶ ድዳቸውን ሳይ ግን አሳዘኑኝ። ሁለተኛው ጥርሴ ሲወልቅ ሮጬ ሄጄ ሣራቸው ላይ ወረወርኩና "አደ፣ ይሄኛው የእርስዎ ነው" አልኳቸው።

የእናንተስ ጥርስ ማን ጣሪያ ላይ ቀረ?