ካስፓር እስረኛውን ያሻገረበት ቀን

የእህቴ ባል ካስፓር ጀልባ ነጂ ነው። በእኛ ደሴት በጓዳልካናል ደቡብ ዳርቻ የመኪና መንገድ የለም፤ የታመመውም የምትወልደውም የሚሄዱት በባሕር ነው። ባሕሩ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደተቆጣ ነው። ካስፓር ዳር ቆሞ ሞገዱን ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ ድንገት "አሁን!" ብሎ ጀልባዋን ይገፋል።

የደሴቶቹ ሰው እርስ በርሱ በተዋጋበት በብጥብጡ ዘመን ታጣቂዎቹ የሰውን ጀልባ ሁሉ ሲወስዱ እሱ ሞተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ የጎደሬ ማሳው ውስጥ ቀበረው፤ ሞተር የሌላትን ጀልባውን ማንም አልፈለጋትም። ታናሽ ወንድሙን ጀሮምን ግን የሚደብቅበት አላገኘም። ጀሮም በቤተ ክርስቲያን ልጆች የሚያስተምር ዝምተኛ ሰው ነበር። "ለመንግሥት ወሬ ታቀብላለህ" ብለው ከቤቱ ወሰዱት። ከወሳጆቹ ፊት የነበረው ኢግናስ ነው፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ከእነካስፓር ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማረ። ጀሮም አልተመለሰም። እናቱ እማማ ቴክላ ሬሳ ስላላየች አላለቀሰችም። ሞቷል የሚላትን ሰው ሁሉ ከቤቷ ታስወጣ ነበር።

ብጥብጡ አምስተኛ ዓመቱን ሲይዝ የጎረቤት አገሮች ተባብረው የላኩት ኃይል መጣ። አውስትራሊያውያን፣ ኒውዚላንዳውያን፣ ፊጂዎች፣ ቶንጋዎች ነበሩበት። ጠመንጃ መሰብሰብ ጀመሩ። ትልልቁ መርከባቸው ግን ወደ ዳር መጠጋት አልቻለም፤ ሞገዱን የሚያውቅ ነጂ አስፈለጋቸው። ካስፓርም ማሳውን ቆፍሮ ሞተሩን አወጣ።

አብሮት የሚሄደው ፖሊስ ሴሚሲ የሚባል ቶንጋዊ ነበር፤ በር የሚያክል ሰው።

"አንተን ከፊት ካስቀመጥኩህ ጀልባዋ በአፍንጫዋ ትተከላለች" አለው ካስፓር በመጀመሪያው ቀን።

"ከኋላስ?"

"ከኋላማ ሰማይ ሰማይ ስናይ እንውላለን። መሃል ላይ እንደ አሳማ ተጋደም።"

"እሺ፣ ብቻ ለሠርግ እንዳታርደኝ!" አለ ሴሚሲ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋደዱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኢግናስ ተያዘ። ወደ ዋና ከተማው ወደ ሆኒያራ ፍርድ ቤት የሚወስደው መርከብ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ባሕሩ ደግሞ ያን ቀን ክፉኛ ተነስቷል።

"ይኼንን አንተ እንድትሠራ አልጠይቅህም" አለ ሴሚሲ። "ነገ ሌላ ሰው እናመጣለን።"

"ነገ ይብሳል" አለ ካስፓር።

መንደሩ በሙሉ አሸዋው ላይ ወጥቶ ነበር። አንድ የአጎቱ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ "ሞገዱ መሃል ብትገለብጣት ማን ይጠይቅሃል? የእሱ እንደሆነ እጁ ታስሯል" ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ካስፓር አልፎት ሄደ። ጀልባዋ ላይ ወጣ፣ እጁን ሞተሩ ላይ አደረገ፣ ግን አላስነሳውም።

"ካቴናውን ፍታለት" አለ።

"ምን?"

"ፍታለት! ብንገለበጥ በምኑ ይዋኛል?"

"እስረኛ እኮ ነው፤ ዘሎ ቢያመልጥስ?"

"ወዴት? ወደ ሻርኮቹ?"

ሴሚሲ አመነታ፤ ከዚያ ቁልፉን አወጣ።

የቀረውን የነገረኝ ሴሚሲ ነው። ከባዱ ሞገድ ጀልባዋን እስከ ግማሽ ሞላት። ካስፓር የተቆረጠ ጄሪካን ወደ ኢግናስ ወርውሮ "ምን ትፈዛለህ፣ ጭለፍ!" ብሎ ጮኸበት። ኢግናስ በሁለት እጁ ይጨልፍ ጀመር። ሞገዱን አልፈው ባሕሩ ከረጋም በኋላ፣ ምንም ውሃ ሳይኖር ወለሉን ይጭር ነበር። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

"ካስፓር፣ ጀሮም ከወንዞቹ መጋጠሚያ በላይ ነው፤ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ። አውሬ እንዳይነካው ጥልቅ አድርጌ ነው የቀበርኩት።"

"ማን ተኮሰ?"

"እኔ።"

ካስፓር ጀልባዋን ከመርከቡ ጎን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስጠጋት።

ባለሙያዎች መጥተው ቆፈሩ፤ እንዳለውም ተገኘ። እማማ ቴክላ የተሸረፈውን የፊት ጥርስ አይታ ልጇን አወቀች። ያን ቀን እስኪመሽ አለቀሰች። ስትጨርስ "ራበኝ" አለችን፤ ጎደሬ በኮኮናት ወተት ሠርተን አበላናት።

ኢግናስ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሴሚሲ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ዓመታት አልፈው የቀሩትም ሄዱ፤ የፖሊስ ጣቢያው ለእኛው ልጆች ተተወ። የስንብቱ በዓል በሬዲዮ ሲተላለፍ ካስፓር አጠገቤ ተቀምጦ ሞተሩን ይጠግን ነበር።

"ይቅር ብለኸዋል?" አልኩት።

"እኔ እንጃ። አንዳንድ ጠዋት አዎ። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ምነው ባላስፈታሁት እላለሁ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አስፈታኸው?"

"እጁን አየሁት" አለ። "ትምህርት ቤት ሳለን በረኛችን ነበር። ያ እጅ ስንት ኳስ አድኖልናል።"

አንዲት ነፍሰ ጡር ከነዘመዶቿ ዳር ላይ እየጠበቀችው ነበር። እጁን በጨርቅ ጠረገና ሞተሩን በትከሻው ተሸክሞ ወረደ።