ናቪጌተሩ ለምን ዝም አለ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር፤ ጥያቄው ግን የአባቴ ነው።

አባቴ ወርቁ በጦርነቱ ዘመን ሃምሳ አለቃ ነበር። ቦምብ እንድትጥል በተደረገች የጭነት አውሮፕላን ውስጥ ከኋላ ሆኖ የመልቀቂያውን ማብሪያ የሚይዘው እሱ ነው። ዋና አብራሪው ሻለቃ፣ መንገዱንና ዒላማውን የሚያሰላው ናቪጌተር ደግሞ መቶ አለቃ። መሬት ላይ ሻለቃው የሁሉም አለቃ ነው። ዒላማ ላይ ሲደረስ ግን “ልቀቅ” ወይም “ተው” የሚለው ናቪጌተሩ ብቻ ነው። የታዘዘውም ትእዛዙን ጮክ ብሎ ይደግምና ይፈጽማል። አባቴ ይህን ልማድ ቤት ድረስ ይዞት መጣ። እናታችን “ዳቦ ግዛ” ስትለው “ዳቦ እገዛለሁ!” ብሎ ይወጣ ነበር። እኛ እንስቅበታለን።

አንድ ቀን ደመና ዒላማውን ሸፈነው። ሻለቃው “ልቀቅ!” ብሎ ጮኸ፣ ናቪጌተሩ ዝም አለ፣ አባቴ ለቀቀ። ቦምቡ ገበያ ላይ አረፈ። ዘንድሮ አልጋ ከያዘ ወዲህ እህል አልቀምስ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ “ደመቀ ለምን ዝም አለ?” ናቪጌተሩ ደመቀ ነገሌ እንደሚኖሩ ያወቅነው በስንት ፍለጋ ነው።

ክብረ መንግሥት

ሐዋሳ አድሬ ክብረ መንግሥት የገባሁት በዝናብ ነው። ጥብስ አዝዤ ገና ሳልጎርስ እህቴ ደወለች። “ውሃም እምቢ ብሏል። ፍጠኚ!” ሳህኑን ትቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ሹፌሩን ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

ከወደራ አልፈን ኬላ ላይ አንድ ወታደር መታወቂያዬን አገላብጦ “ነገሌ ማን አለሽ?” አለኝ።

“የአባቴ ጓደኛ” አልኩት። ጓደኛ ይሁኑ ጠላት ግን እኔም አላውቅም።

ነገሌ

ጫካው አለቀና ቀይ አፈር፣ ግራርና ግመል መጣ። ነገሌ ስደርስ የባጃጁ ልጅ “አካም? የት ልውሰድሽ?” አለኝ። መቶ አለቃ ደመቀን ያውቃቸዋል፤ የጦር ካምፑ አጠገብ ሬዲዮ ይጠግናሉ።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው አዴ ዲራ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው በሩን በሰውነታቸው ዘጉት። “ልጄ፣ ስለ ጦርነት ከሆነ ተይው። ከጠየቁት እንቅልፍ የለውም።”

“የማን ልጅ ናት?” አለ ድምፅ ከውስጥ።

“የሃምሳ አለቃ ወርቁ!” ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው ወጡ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። “በሕይወት አለ?”

“አለ። ግን እህል ትቷል። ለምን ዝም እንዳሉ ይጠይቃል።”

መሬት መሬት አዩ። “ዛሬም ዝም ሊሉ ነው?” አልኳቸው። ወዲያው ደነገጥኩ፤ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው።

“ገበያውን አይቼዋለሁ” አሉ። “በደመናው መሃል፣ ሰዉን ከነከብቱ። ‘ተው’ ማለት የኔ ሥራ ነበር። ሻለቃውን ፈራሁ። በማዕረግ ይበልጠኛል አልኩ። እዚያ ሰዓት ላይ ግን ማንም አይበልጠኝም ነበር።”

“ያ ዋቃ! አምላኬ!” አሉ አዴ ዲራ። ለካ እሳቸውም አልሰሙም ነበር።

ኔትወርክ መጣ ሄደ እያለ አሰቃየን። በመጨረሻ እህቴ ስልኩን አባቴ ጆሮ ላይ አደረገችለት። እኔም ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ያዝኩላቸው፤ መቶ አለቃ ቀጥ ብለው ቆሙ።

“ሃምሳ አለቃ፣ ናቪጌተር ነኝ” አሉና ያሉኝን ሁሉ ነገሩት። መስመሩ ተቆርጦ እንዳይሆን ፈራሁ።

“እጁ ግን የኔ ነው” አለ አባቴ።

“እጁ ያንተ ነው፣ አልዋሽህም። ከእንግዲህ ግን ብቻህን አትሸከመውም። አሁን እህል ቅመስ።”

ያ የድሮ ድምፅ መጣ፣ ደክሞ፤ “እህል እቀምሳለሁ።”

አለቀስኩ።

መልስ

ስመለስ ወደራ ገበያ ቆሟል። ፍየል የሚጎትት፣ ቅቤ የተሸከመች፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የሚከራከር፤ መንገዱን ሞልተውት ሚኒባሳችን መሃላቸው ቆመ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ደመና ነበር። ስሄድ የጨነቀኝ የአባቴ ሰላም ብቻ ነበር። ቦምቡ ያረፈባቸውን እነዚያን የገበያ ሰዎች ግን አንድም ቀን አስቤያቸው እንደማላውቅ እዚያ ገባኝ፤ አፈርኩም።

ቤት ስደርስ አባቴ ትራስ ተደግፎ ሾርባ ይጠጣል።

“መንገድ ላይ ምን አየሽ?” አለኝ።

ልዋሸው አሰብኩና ተውኩት። “ገበያ” አልኩ።

ማንኪያውን አስቀመጠ። “ገበያ” ብሎ ደገመ።