የአምቡሊው ገንዳ ዓሣ

በፈረንጆች 2009 ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዓይኔ ሲደክም የጭነት መኪና መንዳቱን ትቼ በሰው አገር፣ ከወደቡ ከተማ ዳር አምቡሊ፣ የአንድ አረብ ሽማግሌ አትክልት ቦታ ዘበኛ ሆኜ ገባሁ። ከጎጆዬ ፊት ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ዱሮ ጎርፉ ከወንዙ ያመጣው፣ መዳፍ የማይሞላ ዓሣ ይኖርበት ነበር፤ የትንኝ ትል እየለቀመ ይበላል። ሽማግሌው ግን በዓሣው አላመነም፤ ለትንኙ ብሎ የተቃጠለ ዘይት ደፋበትና ዓሣውን ጨረሰው። ትንኙ ባሰ። በወንዙም ዘሩ ጠፍቷል።

"ዓሣው ይመለስ" አልኩት።

"ያ ሐበሺ፣ ዓሣ ዘመድህ ነው?" አለኝ። "እስከ ፋሲካህ ታግሼሃለሁ። ያን ቀን አንድ ትል ካየሁ ገንዳውን በአፈር እደፍነዋለሁ፤ አንተም ጓዝህን ትጠቀልላለህ።"

ሌላ ማደሪያ የለኝም። ውሃውን አፍስሼ ዘይቱን በአመድና በአሸዋ ፈገፈግሁት። ያው ዓሣ ከከተማ ርቆ ካለ ምንጭ እንደማይጠፋ ከሹፌርነቴ ዘመን አውቃለሁ። በጄሪካን አምጥቼ ለቀቅሁት። ከረመ። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስትዞር ባይ ጊዜ ሽማግሌውን ጠርቼ አሳየሁት። ምራቁን ተፍቶ ሄደ።

የሆሳዕና ዋዜማ ከቡላኦስ ገበያ ስመለስ የጥብስ ሽታ ተቀበለኝ። ዱሮ ረዳቴ የነበረው፣ ዛሬ ሹፌር ነኝ ባይ፣ የጭነት መኪናውን ከአጥሩ ውጭ አቁሞ ልብሱን ሊያጥብ መጥቶ ዓሣዬን በአጎበር ጠርጎ ይጠብሳል።

"ጋሼ፣ ይምጡ ይቅመሱ! ጾም ነው ብለው እንዳይፈሩ፣ ዓሣ ደም የለውም።"

"ባሕሩ ሙሉ ዓሣ አይደለም? ምን አስቸገረህ?"

"የባሕሩን ማን ያምናል! እኔ የዝዋይ ልጅ ነኝ፤ የጨው ውሃ ዓሣ ከጉሮሮዬ አይወርድም።"

ከመጥበሻው አንዷን አንስቼ አፏን ፈለቀቅሁት። እንቁላሉ ውስጡ በስሏል።

"እያት! ልጆቿን በአፏ እንደያዘች!"

"ለዚች ጉርሻ ለማትሞላ ነው ይህ ሁሉ ለቅሶ?"

መጥበሻውን አሸዋው ላይ ደፋሁበት። ሽማግሌው በአጥሩ ላይ አሻግሮ እያየ ይስቃል።

"ትንኙን ይበላል ያልከው ዓሣ በአገርህ ሰው ተበላ! ጓዝህን ከአሁኑ ሸክፍ።"

ገንዳውን በአጎበሩ ዳር እስከ ዳር ጎተትሁ። አንድም አልተረፈ። ለፋሲካ ሳምንት ነው የቀረው።

"ነገ ምንጩ ድረስ ትወስደኛለህ" አልኩት ያን ሆዳም።

"ነገ ወደብ ወረፋዬ ነው። ለዓሣ ብዬ ጭነት አላሳልፍም። አርጅተዋል፤ ይተዉት እንግዲህ!"



በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ባዶ ጄሪካን ይዤ ባደረበት መኪናው ፊት፣ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ጥሩምባውን አስጮኸ። አልተነሳሁም። ሞተሩን አስነስቶ አስፈራራ። ፊቴን አዞርሁ። ሲሰለቸው እየተሳደበ በሩን ከፈተ፤ ጄሪካኖቹን አስቀድሜ እኔም እየተሳደብሁ ጋቢናው ላይ ወጣሁ።