ሰላም ያለበት አገር ምረጥ

ልጄ ዱባይ ሆቴል ቤት መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለችና «አባዬ፣ አንተና እማዬ ዕድሜያችሁን ሙሉ ከወሎ አልወጣችሁም፤ ዘንድሮ ውጭ አገር አሳርፋችኋለሁ። አንተ ብቻ ሰላም ያለበት አገር ምረጥ» አለችኝ። ስልኬ ላይ አራት ቦታ ላከችልኝ፦ ቱርክ፣ ማሌዢያ፣ ኦማን፣ ዛንዚባር።

ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አልቸገረኝም። ደሴ ፒያሳ ካፌ ተቀምጬ አንድ በአንድ አየኋቸው። የባሕር ዳርቻው ፎቶ ዓይኔን አልያዘውም። ካርታውን አስፍቼ ከሆቴሉ የሚያስወጣው መንገድ ስንት እንደሆነ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የትኛው ቀድሞ እንደሚዘጋ አያለሁ። ሰው ለሽርሽር እንዲህ አይመርጥም፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ መርጬ አይቼዋለሁ።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወልድያ ሲጠጋ እዚያ ብቻዋን ለምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወልኩላት። ስኳር በሽታ ነበረባት፤ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። «ደሴ ነይ፤ ደሴን ማን ይነካታል?» አልኳት። ያኔ እንዲህ የማይል ደሴ ውስጥ አልነበረም። ትምህርት ቤቶቻችን በተፈናቃይ ሞልተው እንኳ ቀጣዮቹ ተረኞች እኛ መሆናችን አልታየንም። እሷ ጎረቤቶቿ ስላልወጡ መቅረት ፈልጋ ነበር። ባለቤቴም «ተው፣ ከቤቷ አታንሳት» ብላኛለች። በእኛ ቤት ግን አባት ከሞተ በኋላ የታላቅ ወንድም ቃል አይመለስም።

«እሽ ወንድም ጋሼ፣ አንተ ካልክ» አለችና መጣች።

የደሴም ተራ ደረሰ። «ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ፣ እዚያ ይሻላል» ያልኩትም እኔው ነኝ። ስንደርስ ተኩሱ ቀድሞናል። በእግራችን ወደ ደጋን ከተማ ስናመራ መድኃኒቷ ካለቀ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ውሃ፣ ውሃ ትል ጀመር። መንገድ ዳር ተቀመጠችና «ትንሽ ልረፍ» አለችኝ። አልተነሳችም። የደጋን ሰዎች፣ አላህ ይስጣቸው፣ አጥበው ገንዘው ቀበሩልኝ።

መንገዱ ሲከፈት ወልድያ ሄድኩ። የቤቷ መስታወት እንኳ አልተሰበረም። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ በሕይወት አለች። አደራ የተቀበለችውን ቁልፍ እየሰጠችኝ «እሷስ ደህና ናት?» አለችኝ። እህቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብዬ ነው የማምነው፤ ማንም ሌላ ቢለኝ አልሰማውም።

ትናንት ልጄ ደግማ ደወለች። ባለቤቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስልኩን ዘረጋሁላትና «አንቺ ምረጪ፤ እኔ ከእንግዲህ ለማንም የትም ሂዱ አልልም» አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም።

«ያኔ ለእህትህም እንዲህ ብለህ ቢሆን» አለችኝ።

ስልኩን የተቀበለኝ የለም። ልጃችን ከወዲያ «ሃሎ፣ አባዬ? የቱን መረጣችሁ?» ትላለች።