አባዬ የተነሳበት ዝምታ

ሳን ሆዜ ፍርድ ቤት ለዘገባ ተቀምጬ ብይን ስጠብቅ፣ ከኋላዬ የእንጨት አግዳሚ ሲጢጥ አለና ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ኦክላንድ፣ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ትምህርት ቤት ነበር የምማረው። ጸሎታቸው ዝምታ ነው፤ ልቡ ያነሳሳው ብቻ ተነስቶ ይናገራል። አፈ ታሪክና ሥነ ልቦና ሕይወታቸው የነበሩት መምህራችን ሚስ ኤለን፣ በሕልማችን የሚመጣውን አውሬ እንድንስል አዘዙን። እኔ በሕልሜ የቤታችን ደረጃ ላይ የሚቆመውን ባለ ቀንድ አውሬ ሳልኩ።

አባዬ ሥዕሉን አየና «ሰይጣን ነው የሚያስተምሩሽ? ነገ መጥቼ ከዚያ አስወጣሻለሁ» አለ።

«ባት ዳዲ…» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«ባት የለም!»

በማግስቱ ሊያስወጣኝ ሲመጣ በጸሎቱ ዝምታ መሃል ደረሰ። ሚስ ኤለን አጠገቤ ያለውን ቦታ በእጃቸው አሳዩት። የሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ እጄን ጨበጠ። ቆይቶ አግዳሚው ሲጢጥ አለ። አባዬ ተነሳ። ይጮህባቸዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ያን ባለ ቀንድ እኔም አየዋለሁ» አለ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። «ከእስር ቤት ከወጣሁ ጀምሮ።»

ታስሮ እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከእኔ በቀር አማርኛው የገባው ሰው አልነበረም፤ እኔም የገባኝ ግማሹ ብቻ ነው።

ዝምታው ሲያበቃ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ተጨባበጡ። ሚስ ኤለን የአባዬን እጅ ይዘው ቆዩ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «በይ፣ ክፍልሽ ግቢ» አለኝ።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ዳኛዋ ገቡ። ሁላችንም ተነሳን።