የመሪው ልክ

መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ ጌም ቤት አለኝ። ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገጠመውን የመኪና መሪ ቅንብር ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካካው አልፈቅድም፤ ክብደቱንም ንዝረቱንም የማስተካክለው እኔው ነኝ።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት፣ እናቴን ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና አሳፍሬ ስመለስ ሾፌሩ «መኪናው እስኪሞላ ልጫወት» ብሎ ተከትሎኝ ገባ። የመጀመሪያውን ኩርባ እንኳ ሳይጨርስ እስክሪኑ ላይ ገደል ገባ።

«መሪህ ይከብዳል» አለኝ። አቀለልኩለት። አሁንም ገደል።

«ገና ስነካው ይታጠፋል፤ ትንሽ ዘግየት አድርገው እንጂ!»

ተናደድኩ። እሱ የሚፈልገውን ዓይነት የተበላሸ መሪ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ቢሆንም ነገሩን እንዲተወኝ ብዬ፣ መሪው ግማሽ ዙር ካልዞረ ጎማው እንዳይታዘዝ አደረግኩት። ንዝረቱንም ጭራሽ አጠፋሁት።

በአንድ እጁ ብቻ ይዞ፣ አንድም ሳይስት ኩርባውን ሁሉ ጨረሰው።

«አየህ?» አለኝ ፊቱ በርቶ። «አሁን ቁርጥ የኔን መኪና ሆነ።»

ልስቅ ስል እናቴ የተሳፈረችበት መኪና ትዝ አለኝ። ውጭ ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ሾፌሩ ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

የቀረው ቦታ ጋቢና ነበር፣ ከእናቴ አጠገብ።